ለመቅደስ ፕሮግራም ዓይን ነበርኩ

ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሐኪሙ በትንሽዬ ባትሪ እያበራ አየኝና፣ «እማማ፣ ግራው አይመለስም፤ ቀኙን ደብረ ብርሃን ሄደው ቢያስነሱት ጥሩ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ አልሄድኩም። ሌላ ሰው ጡረታ ሲወጣ ደብዳቤ ይጽፉለታል፣ ካባ ያለብሱታል። እኔን ከሥራዬ ያሰናበተኝ ያ ሐኪም ነው። እንጀራዬን የበላሁት በዓይኔ ነዋ።

ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ፍሬ ናት። «አያቴ፣ ሥራሽ ምን ነበር?» ብላ የነካካችኝም እሷ ናት። መታወቂያዬን አይታ ነው የጠየቀችኝ፤ «የቤት እመቤት» ይላል። መታወቂያውን ሳወጣ ለቀበሌው ጸሐፊ «ፊልም አያለሁ፣ የተበላሸውን እናገራለሁ፣ ሥራዬ እሱ ነው» ብለው፣ «እትዬ፣ ፊልም ማየት ሥራ ከሆነማ የሸዋ ሮቢት ጎረምሳ በሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብሎ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ከዚያ የቤት እመቤት ብሎ ማኅተሙን መታው። ደመወዙም ያው እንደ መታወቂያው ነበር፣ እሱን እንተወው።

ደርግ ሲወድቅ ባሌ ከዘመተበት አልተመለሰም። «ሞቷል» ያለኝ የለም፣ «አለ» ያለኝም የለም። የፍሬን እናት አዝዬ ከቀወት ገጠር ወደ ሮቢት ወረድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሼ ታፈሰ የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ነበረው፣ እሱ ዘንድ ጠራጊ ሆኜ ገባሁ።

ጋሼ ታፈሰ በደርግ ጊዜ የፊልም መኪና ይዞ አገር ላገር የዞረ ሰው ነው። ገበያ በዋለበት ሁሉ ነጭ ሸራ ወጥሮ፣ ጄኔሬተር አስነስቶ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መሃይምነት ፊልም ያሳይ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መኪናውም ሥራውም ቀረ። አስም ስላለበት ደጋው አልስማማው ብሎ ቆላችንን መረጠ። ቪዲዮ ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ላዩ ቆርቆሮ ነው። ግንቦት ላይ ቀን ገብተሽ ብትቀመጪ፣ ስትነሺ አግዳሚው ላይ የላብሽ ቅርጽ ይቀራል።

እሱ ካሴት ዝም ብሎ አይነካም። እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በራሱ ፎጣ አድርቆ ነው። ማጫወቻው ዴክ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ካሴቱን ጆሮው አጠገብ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ እህል የሚገዛ ሰው ማሽላውን በእፍኙ እንደሚያደርገው። ፊልሙ ሲጀመር ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ጀርባውን ለፊልሙ ፊቱን ለሰዉ ሰጥቶ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ ምን እያየህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሰዉን። ፊልም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያውቀው ሰዉ ነው፣ ግን ማወቁን አያውቅም። ይቁነጠነጣል፣ ያስላል፣ ሽንቱ ይመጣበታል።»

መጨረሻ ላይ ጽሑፉ መውጣት ሲጀምር ሰዉ ግር ብሎ ይወጣል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ማንበብ የማይችለውን የውጭ ጽሑፍ ተቀምጦ ይጨርስለታል። «ምን ያደርግልሃል?» ስለው፣ «ካሴት የሚታመመው ጫፉ ላይ ነው። ያልጨረሱትን አየሁ አይባልም» አለኝ።

እኔን ከመጥረጊያው ያነሳኝ አንድ የህንድ ፊልም ነው። ቋንቋውን ስለማላውቀው መሰለኝ፣ ሰዉ ሲናገር አፍ አፉን ማየት ለምጄ ነበር። «ጋሼ፣ የዚህ ሰውዬ ድምፅ ቀድሞታል፣ አፉ ኋላ ነው የሚመጣው» አልኩት። መጥቶ አየ፣ አልታየውም። ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፣ ተንበርክኮ ከቴሌቪዥኑ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ አየ። «ሲገለብጡት አበላሽተውታል» አለ። ካሴቱን ላመጣበት ነጋዴ መለሰና ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን የኋላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ። መጥረጉ ግን አልቀረልኝም።

ያስተማረኝ በቁጣ ነው። ፊልሙ ሲያስደነግጠኝ እጮሃለሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሚስቱን ሊገድላት ነው!»

«ይግደላት። ሸሚዙ ነጭ ነው ወይስ ቢጫ?»

ነጭን የማውቀው በራሴ ነጠላ ነው። ጭኔ ላይ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፣ ፊልሙ ውስጥ ነጭ ነገር ሲመጣ ዝቅ ብዬ ከሱ ጋር አስተያየዋለሁ። የሰውን መልክ ደግሞ በእጄ ጀርባ። ድምፁን በከንፈር፤ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ይናገር፣ «እማማ» እና «አባባ» የሚለውን ዓይነት ድምፅ ከንፈሩ ሳይገጥም አያወጣውም። ከንፈሩ የገጠመበትን ካወቅሽ ሌላው ራሱ ይመጣል። ስሕተቱ ያለበትን ቦታ ለማስታወስ የማሽላ ፍሬ ከአንዱ ኪሴ ወደ ሌላው አሳልፍ ነበር።

ጋሼ ታፈሰ በአንድ ክረምት አስሙ ተነስቶበት አረፈ። ልጆቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ቤቱን ሸጡት፣ ዲሽ ተተክሎበት የኳስ ቤት ሆነ። ኳስ ላይ የአፍ መግጠም ማንም አይፈልግም። እኔ ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ፎቶ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ የተቀረጸውን እንዳይለት ያስቀምጠኛል፣ የነገርኩትን ግን አይሠራም።

«ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆናለች።»

«እትዬ፣ ዝም በይ፤ እናትየዋ አታውቅም።»

«እናት የልጇን መልክ አታውቅም?»

«በቪዲዮ አታውቅም።»

እንዲህ እያልን ስንት ዓመት ኖርን። የዚያ ዘመን የሮቢት ሙሽሮች ግማሾቹ እስካሁን በየሳሎኑ አረንጓዴ ናቸው።

መቅደስ የመጣችው ይሄኔ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ እኛ ከተማ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ተመደበች፣ ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራየች። ቀጭን፣ ሙቀት የማትችል፣ ሁለት እግሯን የውሃ ሳፋ ውስጥ ነክራ ኮምፒውተር የምትሠራ ልጅ። «ኤሌክትሪክ ይይዝሻል አንቺ ልጅ!» ብዬ ስጮህባት፣ «እትዬ፣ ሙቀቱ ቀድሞ ካልገደለኝ» ትለኛለች።

ምን እንደምትሠራ ኋላ ነው የነገረችኝ፤ እኔም እንደገባኝ ልናገር። አዲስ አበባ ያሉት ሲኒማ ቤቶች አዲስ ማሽን አስገብተዋል። ማሽኑ ቤት የምናየውን ቪዲዮ አይቀበልም። ለሱ ፊልሙ ይበተናል። እያንዳንዱ ስዕል ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው ይሆንና የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚናገር ዝርዝር ይያያዝበታል። ቀለሙም ማሽኑ በሚያውቀው መንገድ እንደገና ይጻፋል። አንዲት ነገር ከተዛነፈች አልቀበልም ይላል። ይሄን የሚያሰናዳ ቤት ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ በቪዲዮ ካሜራ ፊልም የሚሠራ የኛ አገር ልጅ ደጅ ሲጠና ይከርማል። መቅደስ በማንኛውም ኮምፒውተር ይሄን የሚሠራ ፕሮግራም ነበር የምትጽፈው።

«በነጻ ነው የምሰጠው» አለችኝ።

«በነጻ?»

«በነጻ እትዬ። ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ ይሠራበታል። የፈለገ ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ ያጠፋሁትን ያርምልኛል።»

«ቤትሽን ከፍተሽ ልትሄጂ ነው? ሌባ ቢገባስ?»

«ምኑን ይሰርቃል? ራሴ ሰጥቼው።»

«ቢያበላሸውስ?»

«ያበላሸው የሱ ነው። የኔ እንዳለ ይቀመጣል።»

ነገሩ አልገባኝም፣ ልጅቷ ግን ገባችኝ። ከሁሉ በላይ የምትኮራበት አንድ ነገር ነበራት። አንድ ሙሉ ፊልም ለማሰናዳት ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ይሠራል። ሌሎቹ ፕሮግራሞች መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከአንድ ይጀምራሉ፤ የሷ ግን መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። «ይሄን ያስተማረችኝ ሮቢት ናት» ትል ነበር። መብራታችን በቀን ስንቴ እንደሚሄድ የኖረበት ያውቃል።

መጀመሪያ የጠራችኝ ለጨዋታ ይመስለኛል። ያጎቷ ልጅ የሠራው አጭር ፊልም ነበር፤ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ታወራለች። አንዴ ዋናውን አሳየችኝ፣ አንዴ በፕሮግራሟ የተሰናዳውን።

«ምን አየሽ እትዬ?»

«ልጅቷ ጉንፋን ይዟታል።»

«ምን አልሽ?»

«ፊት ደህና ነበረች። አሁን ድምፅዋ ወፍሯል። እናትየዋም ጎርነን ብላለች። ነጠላዋ ደግሞ ሰማያዊ ሆኗል።»

መቅደስ እግሯን ከሳፋው አወጣች። ለካ የኛ ቪዲዮ በአንዲት ሰከንድ የሚያሳልፈው ሀያ አምስት ስዕል ነው፣ የሲኒማው ሀያ አራት። የኛን በሲኒማው አካሄድ ስታስኬደው ፊልሙ ትንሽ ይዘገያል፣ የሰውም ድምፅ አብሮ ይወፍራል። ይሄን ታውቃለች፤ ሰው አይሰማውም ብላ ትታው ነው። የነጠላውን ግን አላወቀችም ነበር። ሁለቱንም ለማረም ስንት ሳምንት ፈጀባት፤ ስትጨርስ ያንኑ ፊልም አሳየችኝና «አሁንስ?» አለችኝ። «ድናለች» አልኳት። አቀፈችኝ፣ እርጥብ እግሯ ቀሚሴን አበሰበሰው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነ። አዲስ ነገር በጻፈች ቁጥር እኔ አያለሁ፣ እሷ አጠገቤ ሰዓት ይዛ ትቀመጣለች፤ «እዚህ ጋ» ስል ሰዓቱን ትጽፋለች። ማሽላው ቀረ። «ራስሽ ለምን አታዪውም?» ብላት፣ «እኔ እንዴት መሆን እንዳለበት ስለማውቅ ዓይኔ በራሱ ያስተካክለዋል። አንቺ ያለውን ነው የምታዪው» አለችኝ። ከጋሼ ታፈሰ ወዲህ እንዲህ ያመነኝ ሰው አልነበረም። ይሄን ስናገር አሁንም ምላሴ ይመረኛል።

በሦስተኛው ዓመቷ አንድ ዳይሬክተር መጣ። ፊልሙን የቀረጸው እዚሁ ይፋት ነው፣ ካራቆሬ አካባቢ። ልጇ በስደት መንገድ የቀረባት እናት ታሪክ ነው። እናቲቱን የተጫወተችው ተዋናይ አይደለችም፣ እማማ ዘነቡ የሚሏት የካራቆሬ ሴት ናት፤ የእውነትም ልጇ በዚያው መንገድ ወጥቶ ቀርቶባታል። ዳይሬክተሩ እንዴት እንደምታለቅስ ሊያሳያት ሲነሳ፣ «አንተ ልጅ፣ ዞር በልልኝ» አለችው አሉ። ዞር አለላት፣ አለቀሰች፣ አንዴ ቀረጸው፣ አልደገመውም።

አዲስ አበባ ትልቅ ሲኒማ ቤት ይዟል፣ ሰው ጠርቷል። የሚያሰናዱለት ሰዎች ግን ቀኑን አሳልፈውበት ተጨንቆ ነው መቅደስ ዘንድ የመጣው። የሷ ፕሮግራም ሰው የሞላበት አዳራሽ ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ይሄ ከሠመረ ደጅ የሚጠኑት ሁሉ ይወስዱታል። ካልሠመረ የሚነካው የለም። ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ኮምፒውተሩ ፊልሙን ማሰናዳት የጀመረ ቀን ወንድሜ ተሾመ በወባ ሞተ። ባሌ ከቀረ ወዲህ ያለኝ ወንድ እሱ ነበር። በማግስቱ ቀበርነው። ያን ቀን ከጎረቤት ያለው ወፍጮ ሦስት ጊዜ ሲቆም፣ ሦስት ጊዜ ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ መብራት እየሄደ ነው። በሞተ በሠልስቱ ፊልሙ አለቀ። ዳይሬክተሩ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት መኪና ይዞ ሊወስደው ነው፣ በማግስቱ ይታያል።

በኛ አገር ሐዘን የተቀመጠች ሴት ሬዲዮ እንኳ አትከፍትም። ቴሌቪዥን ካለም በጨርቅ ይሸፈናል። ወንድሟ በተቀበረ በማግስቱ ፊልም ስታይ የተገኘች ሴት፣ ለራሷ ልቅሶ ሰው አይመጣላትም።

መቅደስ በጠዋት መጥታ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ በዚህ ቀን ይሄን መጠየቄ ነውር ነው።»

«ተናገሪ።»

«ልጆቹ ፈተና አለባቸው፣ መቅረት አልችልም። ብቀርም የኔ ዓይን አያየውም።»

«ጓዳ አስገቢው» አልኳት። «ሰው ሳይመጣ አየዋለሁ።»

ፊልሙን ላፕቶፕ ላይ ጭና መጋረጃው ኋላ፣ የማሾው ጆንያ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሰው እንዳይሰማ ሽቦው የረዘመ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችኝ። አስነስታው ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች። ማቆሚያው የቱ እንደሆነ አላሳየችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ከዚያ በፊት አጠገቤ ሆና ነው የምታቆመው።

ፊልሙ የተሰናዳው በሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ክፍል አየሁት። አቤት እንዴት ያምር ነበር! ነጠላው ነጭ፣ የሰዉ መልክ የኛው መልክ፣ ከንፈሩ ከድምፁ ጋር እንደ በርና መቃን ገጥሞ። ሐዘኔን ረሳሁ ብል ኃጢአት ነው፣ ግን ረሳሁ። ልክ ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር የእድራችን ሴቶች መጡ። የጎረቤቴ የብርቄ ድምፅ ከሁሉም ይበልጣል።

«እታለማሁ የታለች?»

«ጓዳ ገብታለች» አለች አንዷ።

«ሐዘንተኛ ጓዳ ምን ትሠራለች? ንፍሮውን እኛ አመጣን አይደል? ወይስ ሌላ ነገር አስቀምጣለች?»

ሳቅ ሰማሁ። ልቅሶ ቤትም ይሳቃል። መጋረጃውን ገልጣ ብትገባ አለቀልኝ። አንዷን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ እንዳለች ትቼ፣ ነጠላዬን በራሴ ላይ ሳብ አድርጌ፣ ሽቦውን በመጋረጃው ስር አውጥቼ ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ለመጋረጃው ሰጠሁ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ታቅፈኛለች፣ አብሬ አለቅሳለሁ፣ በአንድ ጆሮዬ ፊልሙን እሰማለሁ። ሁለተኛው ክፍል በሙሉ እንዲህ አለፈ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጉንፋን የለ፣ መቆራረጥ የለ። የእማማ ዘነቡ ልቅሶ ሲመጣ እኔም አመለጠኝ፤ ብርቄ ጀርባዬን እየመታች «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ትለኛለች። ወንድሜን ያለቀስኩት ይሁን ያቺን ሴት፣ እስካሁን አላውቅም።

«ሥራ አለብኝ» ብዬ መነሳት እችል ነበር። አፈርኩ። ሥራ አለኝ ብል «የምን ሥራ?» ይሉኛል፣ ምን እላቸዋለሁ?

መቅደስ በዘጠኝ ሰዓት እየሮጠች መጣች። ውጭ ዳይሬክተሩ ጥሩንባ ይነፋል። ከሴቶቹ ለይታ ወደ ደጅ ወሰደችኝ።

«እስከ መጨረሻው አየሽው?»

«አየሁት።»

«አፉስ?»

«ገጥሟል።»

ግንባሬን ሳመችኝ። አብራው መኪናው ውስጥ ገባች፣ ሄዱ።

ከዚያ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። አዳራሹ ጢም ብሏል። እማማ ዘነቡን አዲስ ቀሚስ አልብሰው ፊት አስቀምጠዋታል። የመጀመሪያው ክፍል ሰዉን አስለቀሰው። ሁለተኛው ላይ ድምፁ መቅደም ጀመረ። መጀመሪያ በጥቂት ነው፣ ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ። ቀጥሎ ባሰ። እየቆየ ደግሞ ባሰ። የእማማ ዘነቡ ልቅሶ ሲመጣ ዋይታው አዳራሹን ሞላው፣ ሸራው ላይ ያለችው ሴትዮ ግን አፏን ገጥማ ታያለች። ዋይታው ሲያበቃ፣ ዝም ባለ አዳራሽ ውስጥ አፏን ከፈተች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

እማማ ዘነቡ ዞር ብላ ሰዉን አየች። «በልጄ ነው የሚሳቀው?» አለች። ተነስታ ወጣች። እስካሁን ካራቆሬ ገበያ ስታየኝ ሰላም ትለኛለች፣ ከዚህ ጋር እንደምገናኝ አታውቅም።

ዳይሬክተሩ መቅደስን አልሰደባትም። «ነጻ ነገር እንዲህ ነው» ብቻ ነው ያላት። ይቺ ቃል ከስድብ ብሳ በየፊልም ሠሪው አፍ ዞረች።

ተመልሳ ስትመጣ ሌላውን ሁሉ ትታ ጥፋቱን ፍለጋ ገባች። መንገድ የሳተችው መጀመሪያውኑ ነው፣ ያሳትኳትም እኔ ነኝ። «እዚህ ታይቷል፣ ደህና ነበር። ስለዚህ የተበላሸው ከዚህ ከወጣ በኋላ ነው» ብላ ጀመረች። እሷው ዘንድ የቀረውን ቅጂ ከፍታ እንኳ አላየችውም፣ እኔ አይቼዋለሁ ብያታለኋ። ፊልሙ የተጫነበትን ዲስክ ጠረጠረች። የሲኒማ ቤቱን ማሽን ጠረጠረች። የስዕሎቹን ቅደም ተከተል ዝርዝር የሚጽፈውን የፕሮግራሙን ክፍል በሙሉ አፍርሳ እንደገና ጻፈችው። ስሕተት የሚጻፍበት የፕሮግራሙ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ እዚያም እንደዚያው ብላ ጻፈችው፣ የሚያውቅ ካለ እንዲረዳት። ወራት አለፉ። ከሳች። ሳፋው ደርቆ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

እኔስ? በየቀኑ ልነግራት እነሳለሁ። «ሁለተኛውን አላየሁትም» ብላት ያን ጊዜውኑ ሁለተኛውን ክፍል ከፍታ ታየዋለች፣ የት ላይ እንደሚጀምር ታገኘዋለች። ሌላ ነገር አያስፈልጋትም ነበር። ከበሯ ደርሼ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሁለተኛውን ክፍል፣ አፉን፣ በዓይንሽ አይተሻል?»

«የወንድሜ አጥንት ይውቀሰኝ፣ አይቻለሁ!» አልኳት። ጮህኩባት እኮ! «ሐዘን ላይ ተቀምጬ ያየሁልሽ አንሶ ልትመረምሪኝ ነው?»

ፊቷ ቀላ። ሙት ጠርቶ የማለ ሰው አይዋሽም ብላ የምታምን ልጅ ናት። «ይቅርታ እትዬ» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔን። እርጥብ አንሶላ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ዓመቱ ሳይሞላ ዝውውር አግኝታ አዲስ አበባ ገባች። አሁን ባንክ ቤት ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች አሉ፣ ፊልም የሚባል አታነሳም። ስትሄድ ግቢው በር ላይ አቅፋኝ «ዓይንሽን ጠብቂ» አለችኝ። ኋላ ውጭ አገር ያሉ ሌሎች ሰዎች በነጻ የሚሰጥ ሌላ ፕሮግራም ሠርተው ዓለም ይጠቀምበታል ይላሉ። ይሁን፣ እሰየው። መብራት ለሚሄድበት አገር ታስቦ የተጻፈው ግን የሷ ነበር። እኔ ወደ አረንጓዴዎቹ ሙሽሮች ተመለስኩ፣ ዓይኔ እስኪጠፋ።

ይሄን ለፍሬ ስነግራት እስክሪብቶውን አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። ብዙ ነካካች። «አያቴ፣ ገጹ አሁንም አለ» አለችኝ። መቅደስ የጻፈችውን አንብባ ተረጎመችልኝ። «ከመላኩ በፊት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሙሉ ፊልሙ በሰው ዓይን ታይቷል፣ ትክክል ነበር። ጥፋቱን ከዚያ በኋላ ባለው ፈልጉ» ይላል። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ፕሮግራም ስለሆነ ያረመው የለም። ከሱ በታች ግን ሌሎች ጽፈዋል፣ ስማቸው የማይያዝ፣ አገራቸውን የማላውቀው። አንዱ «እኛም ጋ ከመሃል ጀምሮ አፉ ከድምፁ ይለያል፣ እዚህ እንደተባለው ዲስኩን ለወጥን፣ አልዳነም» ይላል። አንዷ «ይሄን አንብቤ ማሽኑን አስቀየርኩ፣ ያው ነው፣ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት» ትላለች። ይቺኛዋ የጻፈችው ፍሬ ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው፤ መቅደስ ከሄደች በኋላ ስንት ዘመን አልፎ። ለካ እኔ አንድ ጊዜ አይደለም የዋሸሁት።

«እዚያ ላይ መጻፍ ይቻላል?» አልኳት።

«ማንም ይችላል።»

«መቅደስ ታየዋለች?»

«ለሷ መልእክት ይደርሳታል። ካልዘጋችው።»

«እንግዲያው በነሱም ቋንቋ በኛም ጻፊው፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።»

«እታለማሁ እባላለሁ፣ ከሸዋ ሮቢት። እላይ መቅደስ የጻፈችውን አትከተሉ። እሷ አልዋሸችም፣ የነገርኳትን ነው የጻፈችው። የመጀመሪያውን ክፍል አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር። ሁለተኛው ሲሰናዳ በዋለበት ቀን መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ እዚያ ላይ ፈልጉ። ሁለተኛውን ክፍል በአንድ ጆሮዬ ሰማሁት። ያን ቀን ያየው ሰው የለም።»